ሰው ያጣው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን! የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደተጻፈው፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር። ጌታችን በጠየቀው ጊዜ ስለ ሕመሙ ብዙ አላወራም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የተናገረው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንግባ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤት እስኪደርስ የት ይቆያል? ነገሩ ብዙ ጊዜ በክፋት አይጀምርም። ፈተና ሲደርስ ጓደኛው "ለጥናት ያነቃሃል" ብሎ ጫት ያቀምሰዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር በእርግጥ እንቅልፍ ያባርራል፤ ነገር ግን ያጠናነው በአእምሮ እንዲጸና የሚረዳው ያው የተባረረው እንቅልፍ ነው። ልጁ ዓይኑ ፈጦ ያድራል። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ "ጨብሲ" ብሎ ይጠጣል። ከዚያ ሺሻው፣ ከዚያም ሐሺሹ ሊከተል ይችላል። ገንዘብ ሲያጥረው ከእናቱ ቦርሳ ይወስዳል፤ ውሸት ይለምዳል።

ታዲያ ይህ ልጅ ኃጢአተኛ ነው ወይስ በሽተኛ? አንዳንዶቻችን ኃጢአቱን ብቻ አይተን እንረግመዋለን፣ ከቤት እናባርረዋለን። ሌሎቻችን "ምን ያድርግ፣ ዘመኑ ነው" እያልን ገመናውን ሸፍነን ገንዘብ እንሰጠዋለን። ጌታችን ግን ወደ በሽተኛው ራሱ ሄደ። መዳን ይወድ እንደሆነ ጠየቀው፤ አልጋውን ራሱ እንዲሸከም አዘዘው። በኋላም በመቅደስ አግኝቶ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠነቀቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ፈውሱ ቀደመ፣ ተግሣጹ ተከተለ። ሁለቱም ግን አልቀሩም።

እኛስ? 55 ቀን ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጃችን መርቅኖ ሲገባ ጎረቤት እንዳይሰማ በር የምንዘጋው ለእርሱ አዝነን ነው ወይስ ለስማችን? ከመካከላችን ቤቱን ለሺሻ አስጫሽ አከራይቶ፣ ከኪራዩ ላይ አሥራት የሚያወጣስ የለም? ሺሻን፣ እንዲሁም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥና ሲጋራ መሸጥን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው ልጅ አጥፍቶ የሚገኝ ብር ለመባ አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ ጾም አንድ ነገር እናድርግ። ዛሬ ማታ ከልጃችን አጠገብ እንቀመጥ፤ ሳንጮህ እንጠይቀው፣ ሳናቋርጥ እንስማው። ወደ ንስሐ አባቱ አብረነው እንሂድ። ወደ ጠበሉ እንውሰደው፤ ወደ ሐኪምም እንውሰደው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ሱሰኞችን ያክማል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናልና ይህን ማድረግ የእምነት ጉድለት አይደለም። አንድ ቀን ተወው ብለን ነገ ቢወድቅ ተስፋ አንቁረጥ፤ ጌታ 38 ዓመት ዘገየ ብሎ አላለፈውም።

ልጃችን "ሰው አጣሁ" እንዳይል እኛ ሰው እንሁንለት።

የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።