ቴምብሩ የማን ነው?

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ዘመን ቴምብር እንሰበስባለን ስንል የሚስቁብን አሉ። ይሳቁ። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያስተምረን ከእርሱ የምንወስደው የእጁን ሙያ ብቻ ነው ወይስ ልቡንም ጭምር?

እኛን ያስተማሩን በዚሁ በኮልፌ የሚኖሩ፣ በፖስታ ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ቴምብር ከፖስታ ላይ እንደማይላጥ የተማርነው ከእርሳቸው ነው። ዙሪያውን ትንሽ ወረቀት ትቶ በመቀስ መቁረጥ፣ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ሙጫው ለቆ ቴምብሩ በራሱ እስኪንሸራተት መታገሥ፣ ከዚያም በጋዜጣ መካከል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ መጫን ነው። በጣት አይነካም፤ በወረንጦ ነው። ከእኛ መካከል እጅግ ችኩል የነበረው ልጅ በዚህ ሥራ ትዕግሥት ሲማር እናቱ እንኳ ተደንቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ወዳለው የፖስታ ሙዚየም በአውቶቡስ ወሰዱን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ በአዋጅ ሲያቋቁሙ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ሰባት ናቸው። የቅርጹ ሥራ የፈረንሳዊው የኡዤን ሙሾን ነው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ዋጋቸው ከፍ ባለው በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ጋሼ ግን ከቴምብሩ ይልቅ ስለ ደብዳቤው መንገድ ማውራት ይወዳሉ። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቴምብራችን ከአገር ከወጣ በኋላ ዋጋ ስላልነበረው፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹም ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ሁለት ዓይነት ቴምብር ያለበት ያ ፖስታ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። «ቴምብሮቹን ከላዩ ብታነሡአቸው መንገዱ ጠፋ ማለት ነው» አሉን። ሰማን እንጂ አላስተዋልንም።

ይህ ፍቅር ከቴምብር ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ በ1840 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ቴምብር በእንግሊዝ አገር ሲወጣ ጆን ኤድዋርድ ግሬይ የሚባል የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ለማስቀመጥ ብሎ ገዝቷል ይባላል። ደብዳቤ ሳይልክበት መሆኑ ነው! ጋሼ ግን እንዲህ ያለው ያልተላከ ቴምብር ብዙም አይማርካቸውም። ሌላው ሕጋቸው «ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ» የሚል ነው።

በሠፈራችን ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት አሉ። ከእኛ አንዱ እሑድ እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ እየሄደ፣ ልጃቸው ከስደት የጻፈላቸውን የቆዩ ደብዳቤዎች ያነብላቸዋል። ልጃቸው ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤዎቹ ግን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ እሑድ ይህ ወንድማችን «እማማ፣ ቴምብሮቹን ብወስዳቸው ይከፋዎታል?» ብሎ ጠየቀ። «ውሰድ የኔ ልጅ፣ እደግ» አሉት። ዘጠኝ ይዞልን መጣ። ዘፈዘፍን፣ አደረቅን፣ ተካፈልን፤ ሁለቱን ለአየር ጤና ልጆች በሌላ ለወጥን።

በሚቀጥለው እሑድ እማማ ፖስታዎቹን እያገላበጡ «ግመሉ የት አለ?» አሉ። ለካ ደብዳቤዎቹን የሚለዩአቸው በቴምብሩ ኖሯል! ግመሉ ያለበት ካርቱም ሳለ የጻፈው ነው፤ ዘውድ የደፋችው ሴት ያለችበት ካናዳ እንደ ገባ የላከው፤ ወፏ ያለችበት ልጅ ተወለደልኝ ያለበት። የሚነበብላቸውን ራሳቸው መርጠው ይሰጡት ነበር፤ እርሱም እንዴት እንደሚያውቁ አንድም ቀን አልጠየቃቸውም። ከእኛ ሁሉ በፊት ሰብሳቢዋ እርሳቸው ነበሩ።

በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፣ ጠይቀን ተፈቅዶልናልና በደል የለብንም አልን። ሕጉም ተጠብቋል። ተቆጥተው ይመልሱናል ብለን እየፈራን ወደ ጋሼ ሄድን። እርሳቸው ግን «እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ?» ብቻ አሉ።

እውነትም፣ ሌላ አንባቢ የሌላቸው እናት የሚያነብላቸውን ልጅ እንዴት እምቢ ይላሉ? ስንጠይቃቸው እኮ ደብዳቤያቸው በእጃችን ነበር። እንግዲህ ፈቃድ የምንለው ነገር በጠያቂው ትሕትና ሳይሆን በተጠያቂው አቅም የሚለካ ይመስለናል። በየቤታችን ታናናሾቻችንንና ሠራተኞቻችንን «ይህን ልውሰድ?» ስንል ስንት ጊዜ ነው እሺታቸው እሺታ የሆነው? ጋሼ ራሳቸው ከአልበማችን ምርጡን ቢጠይቁን እምቢ እንላቸዋለን? አንልም። እርሳቸው ግን አንድም ቀን ጠይቀውን አያውቁም። ይህንንም ያስተዋልነው ገና ያን ዕለት ነው።

በእጃችን የቀሩትን ሰባቱን መልሰን ወሰድን። እማማ አንድ በአንድ እያነሡ በተቆረጠው ጎን ላይ አስቀመጡአቸው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ በቴምብሩ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ ስለ ነበረ እያገጣጠምን አየን፤ አንዱንም አልተሳሳቱም። ጋሼ በቀጭን ወረቀት ከጀርባ አያያዙአቸው። ግመሉን የአየር ጤናው ልጅ መልሶልናል፤ በምትኩ ሦስት ቴምብር ቢያስከፍለንም። ወፏን ግን ለሌላ ልጅ ሰጥቷት ኖሮ፣ ያ ልጅ ሠፈር ቀይሯል። እየፈለግነው ነው። እስከዚያው እማማ ያን ደብዳቤ ከቆርቆሮው ውስጥ የሚያወጡት የተቀደደ ጎኑን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው።