ዱላ የያዘው ሰውዬ

ከኮቦ ወጣ ብሎ፣ ማሽላው ሲያድግ ሰው ከነቁመቱ በሚሰውርበት ሜዳ ላይ፣ አባትና እናት ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ቨርጂኒያ ታክሲ ይነዳል። ለዕረፍት ሲመጣ ለአባቱ አንድ ሊትር ውስኪ በሻንጣው ይዞ መጣ፤ ጥቁር ሌብል፣ 12 ዓመት በበርሜል የከረመ።

አባት ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። ከመጠጡ ይልቅ የገረመው ሥዕሉ ነው፤ ባርኔጣ የደፋ፣ ዱላ የጨበጠ፣ የሚገሰግስ ሰውዬ። «ይሄስ የኛው ሰው ነው!» አለ። የራያ ወንድ ያለ ዱላ ከደጅ አይወጣማ። «ለመሆኑ ወዴት ነው እንዲህ የሚያስቸኩለው?» ጠርሙሱ ብፌው ላይ፣ ከልጁ ፎቶ አጠገብ ተቀመጠ። ለክፉም ለደጉም ቀን ተባለ።

ደጉ ቀን መጥቶ ሄደ። ፋሲካ ሆነ፤ አረቄ ተጠጣ። የሚካኤል ማኅበር ተራው ደርሶ እነሱ ቤት ገባ፤ አረቄ ቀረበ። እንግዳው ቀና ብሎ ሰውዬውን ያያል፣ አባት እንግዳውን ያያል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ መለኪያቸው ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ እኩለ ሌሊት ጎርፍ መጣ። ቆላው ላይ ጠብ ሳይል በምዕራቡ ተራራ የዘነበው በሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ እያጓራ ይወርዳል። የኮቦ ገበሬ ያን ጊዜ አካፋውን ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል እንጂ አይሸሽም። ጠልፎ ወደ ማሳው ካላስገባው፣ ሲነጋ ውሃውም ደለሉም የሌላ ሰው ሆኖ ያድራል። የሰፈሩ ጎረምሶች ሥራውን ጨርሰው፣ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው፣ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። እናት አረቄዋን ፈለገች፤ አልቋል፣ ድፍድፉም አልደረሰም። ቀና ስትል ሰውዬው እዚያው ቆሟል። እሽጉን ጠምዝዛ ሰበረችው። ጎረምሶቹ «ጭስ ጭስ ይላል» አሉ፤ ግን ጠብታ አላስተረፉም።

ባዶ ጠርሙስ ብፌ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። ድፍድፉ ሲደርስ እሳቱ ተለኮሰ፣ ከመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ አለ፤ የወረደውን መልሳ ደገመችው። ዳግም አረቄ ውሃ መስሎ ነው የሚወርደው። ጠቆር ያለ ማር ጨመረችበትና መልኩ የውስኪውን አከለ። ስትሞላ ጠርሙሱን የያዘላት አባት ነው። ስለ ነገሩ ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በነሐሴ፣ ልጃገረዶች ሶለል በሚጨፍሩበት ሰሞን፣ ልጁ እንደገና ለዕረፍት መጣ። አባት ከዚያው ጠርሙስ ቀዳለት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ ውስጥ አንከባለለውና «አባዬ፣ ዕድሜ እኮ ነው! ውስኪ ሲቆይ እንዲህ ይሆናል። እዚያ አገር እንኳ እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም» አለ። እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። (ውስኪ የሚጎለምሰው በርሜል ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ 3 ዓመትም ቢቆይ 30 ያው ነው። የቨርጂኒያ ሰው ይህን ባያጣው ጥሩ ነበር።)

ሊሄድ ሲል ነገሩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ትንሽ ቆይቶ ግን «እንግዲያው ይዤው ልሂድ» አለ። እናት እስከ አንገቱ ሞላችለት፣ አፉን በላስቲክ አሰረችለት፣ በጋቢ ጠቀለለችው። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣው ተከፈተ።

«ምንድን ነው?»

«ውስኪ።»

«እሽጉስ?»

ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ «የእናቴ አረቄ ነው» አለ።

ፈታሹ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። «ወንድሜ፣ ውስኪ ከሆነ ተከፍቷል። አረቄ ከሆነ ወረቀቱ ሌላ ይላል። የትኛውን ብዬ ላሳልፍልህ?»

ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እንደ ልማዱ እየገሰገሰ።

ይህን ምሳሌ የሚሰሙ ብዙዎች በልጁ ምላስ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ምላሱ ልክ ነበረ። በተለመደው ጠርሙስ ቢቀርብለት «እንደ ድሮው ነው» ብሎ ያልፈው የነበረውን የእናቱን እጅ፣ የሰው አገር ወረቀት ስለጋረደለት ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ቀመሰው።

ፈታሹንም አልወቅስም። በበረራ ደንብ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በሻንጣ የሚጫነው በሚሸጥበት እሽጉ ብቻ፣ ለአንድ መንገደኛም እስከ 5 ሊትር ነው። ከ70 በላይ የሆነው ከነጭራሹ አይጫንም። የሚያፈስ ጠርሙስ ተኑ እሳት ይጠራልና ደንቡ ከንቱ አይደለም። ጠጅ ከ24 በታች ስለሆነ ይህ አይነካውም፤ ግን ጠጅ ታሽጎም መፍላቱን አይተውም፤ ቡሹን ገፍቶ የሻንጣ ሙሉ ልብስ የሚያጠጣውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ሲደርሱ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሰው 1 ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል። እንግዲህ የእናትየው አረቄ በልኩም፣ በጥንካሬውም፣ በተሸካሚው ዕድሜም አላነሰም። የጎደለው የራሱ ስምና የራሱ እሽግ ነው።

ስኮትላንዶችም ሲጀምሩ ስም አልነበራቸውም። ገበሬዎቻቸው መጠጡን ከገብሳቸው ከቀረጥ ሰብሳቢ ተደብቀው በየጓዳቸው ያወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1823 የወጣ ሕግ ነው ፈቃድ አውጥቶ በግልጽ መሥራትን ያቀለላቸው። ውስኪው በስሙ የሚጠራው ዎከርም እ.ኤ.አ. በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ ሱቅ የከፈተ ባለ ግሮሰሪ ነበር። ዱላ የያዘው ሰውዬ የተሣለው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ ከመጠጡ ብዙ ቆይቶ። አባትየው ወዴት እንደሚቸኩል ጠይቆ ነበር፤ ኮቦ ድረስ መምጣቱ እንኳ ቀላል አይደለም። የኛ አረቄ ግን ከኮቦ ሲወጣ የሚለብሰው የእሱን ካፖርት ነው።

ልጁ ቨርጂኒያ ሲገባ ደወለ። አረቄው እንደቀረ ነገራት። እናት ብዙም አልከፋትም፤ ብቅሉ አለ፣ ጌሾው አለ፣ ሌላ ይወጣል። ጥቂት ዝም ብላ ግን «ጠርሙሱንስ ለምን ወሰዱት?» አለች።