ስለ ዕረፍትና ስለ ሸክም

ሰው ሲደክም ማረፉ ከተፈጥሮ ሕግ የተገኘ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን አንዱ በሚያርፍበት ሰዓት ሌላው ስለ እርሱ የሚደክም ከሆነ፥ ያ ዕረፍት በእውነት ዕረፍት ነውን? ወይስ ድካሙ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ በሌላው ትከሻ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ በየቤቱና በየበዓሉ የሚደርስ ነገር ስለ ሆነ፥ ወጣቶች የራሳቸውን ቤት ከመመሥረታቸው በፊት ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል። ጥያቄው ለእኔ የመጣልኝ ከመጽሐፍ አይደለም፤ በልጅነቴ ከዘመዶቼ ጋራ ወደ ሜጋ ካደረግነው ጉዞ ነው።

ሜጋ በቦረና ምድር፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ የተራራ ከተማ ናት። ከሞያሌ ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው የቆላው ሙቀት እየቀረለት፥ ነፋሱ እየቀዘቀዘለት ይሄዳል። ከጣልያን ወረራ በፊት በዚህች ከተማ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሜጋን ከጣልያን እጅ ለማስለቀቅ በተዋጉ ጊዜ፥ ከበረሃ ሙቀት ወጥተው በዝናብ፥ በጉምና በብርድ እጅግ እንደ ተቸገሩ የጦርነቱ ታሪክ ይናገራል። ለወታደር መከራ የሆነው ይኸው ብርድ ግን በጥር ፀሐይ ለሚቃጠል የሞያሌ ቤተ ሰብ ትልቅ ምኞት ነው።

እኛም በአንድ የጥምቀት ሰሞን አያታችንን ይዘን፥ አጎቶችና አክስቶች ከነልጆቻቸው ተሰብስበን፥ 23 ሰዎች ሆነን በሁለት መኪና ወጣን። ሦስት ቀንም ሰነበትን። በመጀመሪያው ቀን ታቦት ስናጅብ ዋልን። በሁለተኛው ቀን ከሜጋ ወደ ሰሜን ሄደን ሶዳን አየን። ሶዳ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥልቅ ጕድጓድ ሲሆን፥ በሥሩ ጥቁር የጨው ሐይቅ ይገኝበታል። የአገሩ ሰዎች ጆሮአቸውንና አፍንጫቸውን ወትፈው እየጠለቁ ጨዋማውን ጭቃ ያወጣሉ፤ አህዮችም ያንን ተሸክመው ገደሉን ይወጡታል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዱብሉቅ ደርሰን የቦረናን ጥንታዊ የውሃ ጕድጓዶች ተመለከትን።

የዚያን ዕለት ማታ ትልቁ አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው እደጅ ተቀምጠው ሳለ፥ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም» አሉ። ሁላችንም እውነት ነው አልን። አያታችን ግን ታናሺቱን አክስቴን ጠርተው «አንቺስ ልጄ፥ ሜጋን እንዴት አየሻት?» ብለው ጠየቋት። አክስቴም እጅዋን በመቀነትዋ ጫፍ እየጠረገች «እማዬ፥ ጭሱ እንደ ሞያሌው ጭስ ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቁ አያታችን ብቻ ነበሩ።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። አክስቴ ከአንዲት የአጎቴ ሚስት ጋራ ሦስቱን ቀን ከምድጃ አጠገብ እንዳልራቀች፥ ሶዳን እንዳላየች፥ ዱብሉቅም እንዳልደረሰች ያስተዋልሁት በሚከተለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ እንደ ገና ለመሄድ ስንሰናዳ፥ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ልረፍ» አለች። እንግዲህ የእርስዋ ዕረፍት የእኛ መሄድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ወቀሳ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ እርስዋ ግን ልትወቅሰን ብላ አልተናገረችውም።

በዚህ ነገር የሚከራከር ሰው በመጀመሪያ «ወዳ ነው እኮ የሠራችው፤ ፍቅር ሸክምን አይቈጥርም» ይል ይሆናል። ይህ ቃል ግማሹ እውነት ነው። ሰጪው የሰጠውን አለመቍጠሩ ደግነት ነው፤ ተቀባዩ የተቀበለውን አለመቍጠሩ ግን ውለታ ቢስነት ነው። ወዳ መሥራትዋ የእርስዋን ልብ ያሳያል እንጂ እኛን ከዕዳ ነፃ አያወጣንም። ደግሞስ እምቢ ለማለት መንገድ ላልተተወለት ሰው፥ ወዶ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛው ክርክር «ሰው ሳይበላ አይውልም፤ የግድ የሚያበስል ያስፈልጋል» የሚል ነው። እኔም ያስፈልጋል እላለሁ። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ከ23ቱ ሰዎች አያታችንንና ሕፃናቱን ብንቀንስ፥ እጃቸው ለሥራ የደረሰ 14 ነበርን። በሦስት ቀን ውስጥ 9 ጊዜ ገበታ ቀርቧል። ለእያንዳንዱ ገበታ ሁለት ሰው ቢመደብ 18 ተራ ይሆናል፤ አሥሩ ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ፥ አራቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢሠሩ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። እኛ ግን ሁለቱን ሴቶች ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ አሠራናቸው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለዚህ ነው። ሎሚው አልቀነሰም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቍጥር ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ «ሠራተኛ ይዞ መሄድ ነው» ይላል። ለሥራ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ማሠራት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰው ያዛውረዋል እንጂ አይመልሰውም። እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን ከሜዳው ሙቀት ለመሸሽ በተራሮች ላይ የማረፊያ ከተሞች ሠርተው ነበር። ከእነዚህም አንዲቱ ሲምላ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1864 ጀምሮ በበጋ ወራት የመንግሥቱ መቀመጫ ሆነች። ሹማምንቱ ከነቤተ ሰባቸው በዚያ ነፋስ ሲቀበሉ፥ ዕቃቸው ዳገቱን የሚወጣው በህንድ ተሸካሚዎች ጀርባ ነበር። ተሸካሚውም ከዚያው ተራራ ላይ ቆሞ ያንኑ ቀዝቃዛ አየር ተንፍሷል፤ ነገር ግን አርፏል የሚል ማን ነው? ዕረፍት ከቦታ ከፍታ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፥ የሶዳን ገደል ወጥቶ አፋፉ ላይ የሚደርሰው አህያም ባረፈ ነበር። ሙሴ የተቀበለው የሰንበት ሕግ ጌታውን ብቻ ሳይሆን ሎሌውን፥ ገረዲቱን፥ በሬውን፥ አህያውንና በቤቱ ያለውን እንግዳ ጭምር ቈጥሮ እንዲያርፉ ያዘዘው፥ የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም እንዳይገዛ ነው።

በመጨረሻም «ልማዳችን ነው፤ ወንድ ማድ ቤት አይገባም» የሚል ይመጣል። ለዚህ መልስ የሚሆነውን በዱብሉቅ በዓይናችን አይተን ሳናስተውል ተመልሰናል። ከቦረና ጕድጓዶች አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ውሃውን ለማውጣት ወጣቶች ከሥር እስከ አፍ በየእርከኑ ይቆሙና፥ ባልዲውን እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል። ከብቶቹም «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ሰው በሚጠብቀው ተራ ገብተው ይጠጣሉ። ከመካከል አንዱ «እኔ ላይ ቆሜ ነፋስ ልቀበል» ብሎ እርከኑን ቢተው፥ ባልዲው እዚያው ላይ ይቀራል፤ ከብቱም ይጠማል። ይህም ልማድ ነው፤ ሸክምን የሚያካፍል ልማድ ነው። ልማድ ሁሉ ስላረጀ ብቻ አይከበርም፤ ለማን እንደሚጠቅምና በማን ላይ እንደሚከብድ መመርመር አለበት።

ይህን ስል ሁሉም ሰው እኩል ይሸከም ማለቴ አይደለም። አያታችን እንዲሠሩ ማንም አይጠይቅም፤ ሕፃኑና በሽተኛውም እንደዚሁ። የማይችለውን መሸከም የዘመድነት ትርጕሙ ነው። ነገር ግን ባለመቻል መሸከምና ባለመፈለግ መሸከም የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው መብት ሲሆን ሁለተኛው ስርቆት ነው። የሚሰረቀውም ገንዘብ አይደለም፤ ተመልሶ የማይገኝ የሌላ ሰው ቀን ነው።

በሦስተኛው ዓመት አያታችን «እርስዋ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ስላሉ፥ ከመነሣታችን በፊት ተራ አወጣን። ለትልቁ አጎቴና ለእኔ የሁለተኛው ቀን ምሳ ደረሰን። ሽንኵርቱ አረረብን፥ ጨውም በዛብን፤ ነገር ግን ማንም አላማረረም። አክስቴ በዚያ ሰዓት ዱብሉቅ ነበረች። ማታ ስትመለስ ስለ ጕድጓዱ፥ ስለ ዘፈኑና ስለ ከብቶቹ ብዛት እስከ እኩለ ሌሊት አጫወተችን፤ እርስዋ ያን ያህል ጨዋታ የምታውቅ ሰው መሆንዋን ያን ጊዜ ገና አወቅን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው በዓል ዘመዶችህ ተሰብስበው ሲጫወቱ ባየህ ጊዜ፥ የተቀመጡትን ብቻ አትቍጠር፤ ከመካከላቸው ማን እንደ ጎደለ ፈልግ። የጎደለውን ሰው ባገኘኸውም ጊዜ ምስጋና ብቻ ሰጥተኸው አትመለስ፤ በእጁ ያለውን ሥራ ተቀብለህ እርሱን ወደ ጨዋታው ላከው።