የታክሲ ብር

ከዓመታት በፊት የአካል ጉዳተኞችን ኑሮ ለሚያጠና ቡድን ቃለ ጉባዔ እንድይዝ ተቀጥሬ ነበር። መጠይቁን እንዲያዩ ከተጋበዙት አንዱ ዓይነ ስውር መምህር ናቸው። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ሲነበብላቸው፣ «ይሄ አይሆንም» አሉ። «‹ያለ ረዳት ከቤት መውጣት ይችላሉ?› ብትሉኝ፣ አዎ እላችኋለሁ። በበትሬ እወጣለሁ። ግን የሰፈሬ ቦይ ክፍት ስለሆነ ከመሸ አልወጣም። መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ቦዩ ነው እንጂ ስለ ዓይኔ አይደለም።» ወራት የተደከመበት መጠይቅ በአንድ ጠዋት ተቃና።

ስብሰባው ሲያልቅ አጥኚዎቹ አበላቸውን ፈርመው ወሰዱ። እኔም ፈረምኩ። ለመምህሩ ግን «ለታክሲ» ተብሎ ጥቂት ብር እንዳስጨብጣቸው ታዘዝኩ።

«የት ጋ ልፈርም?» አሉኝ።

«ፊርማ አያስፈልገውም፣ ጋሼ።»

ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያው ምጽዋት ነዋ!» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ገንዘቡ ስላነሰ አይደለም፤ ስሙ ነው። ለማኝ አይፈርምም፤ የሚፈርመው የሠራ ሰው ነው።

«ገንዘብ ከገባበት ፈቃድ ይገዛል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የቸገረው ሰው ለብሩ ሲል የማያምንበትን መድኃኒት ሊሞከርበት ይስማማ ይሆናል። ግን ደሙን ለምርመራ የሚሰጥና የጥናቱን ጥያቄ የሚያርም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አማካሪ ነው። «ለወገናቸው ብለው ነው የሚመጡት» ለሚሉም መልስ አለኝ፦ ዶክተሩስ ለማን ብሎ ነው አበል የሚቀበለው?

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ እነሱን በሚመለከት ጉዳይ መንግሥት በድርጅቶቻቸው በኩል እንዲያማክራቸው ያዛል። እኛ ግን «ማማከር» ሲባል በነጻ ይመስለናል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ምርምር ተቋም በመመሪያው ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ የመጓጓዣ ወጪን መተካት አንድ ነገር ነው፤ ለሰው ጊዜና ዕውቀት መክፈል ደግሞ ሌላ።

የእኛ አጥኚዎች በጀት ሲያረቁ ለወረቀት፣ ለነዳጅ፣ ለሻይ ሳይቀር መስመር ይይዛሉ። ያን ጊዜ ለመምህሩ ዕውቀት የተያዘ መስመር ቢኖር ኖሮ፣ «የት ጋ ልፈርም?» ሲሉኝ የማሳያቸው ቦታ አላጣም ነበር።