የባልንጀራን ስፍራ ስለ ማወቅ

ሰው ለብቻው የሚኖር ፍጡር አይደለም። በማኅበር በሚኖርበትም ጊዜ ሥራን ይከፋፈላል፤ አንዱ ያርሳል፥ አንዱ ይቀጠቅጣል፥ አንዱ ያስተምራል፥ አንዱ መዝገብ ይይዛል። ይህ ክፍፍል መልካም መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ከዚሁ መልካም ነገር አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይኸውም፥ በአንድ ስፍራ የተመደበ ሰው የራሱን ስፍራ ብቻ ማወቁ ይበቃዋልን? ወይስ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ እውነተኛው ፈተና ከመግባቱ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ሁለተኛ ስፍራ የመማር ግዴታ አለበት? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ምክንያት የሆነን፥ ለሚሰማው ሰው ቀላል ቢመስልም፥ የአንድ ወጣት ጨዋታ ነው። እኛ በምንኖርበት በአሶሳ ከተማ፥ ከክረምቱ ምሽቶች በአንዱ፥ የጎረቤታችን ልጅ የሆነ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፊቱ ጠቁሮ ከደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሆኖ በኢንተርኔት በሚጫወተው ጨዋታ መሸነፉን ነገረን። እኛም «ጨዋታ አይደለም እንዴ? ምን ያሳዝንሃል?» ብለን ልናልፍ ስንል፥ «ጋሼ፥ እኔ ብቻ ብሸነፍ ምንም አልነበረም፤ አራቱንም ይዣቸው ወረድኩ እንጂ» አለን። ይህ ቃል ከመንገዳችን አቆመን።

ጨዋታው በ2002 ዓ.ም. የወጣው፥ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለው ነው። አምስት ሰዎች ከአምስት ጋር ይጋጠማሉ፤ ለአምስቱም ስፍራ ስፍራ አላቸው። አንዱ የላይኛውን መንገድ፥ አንዱ መካከለኛውን ይይዛል፤ አንዱ በመንገዶቹ መካከል ባለው ጫካ ይዘዋወራል፤ ሁለቱ ደግሞ የታችኛውን መንገድ ሲይዙ አንደኛው ይተኩሳል፥ ሁለተኛው ይረዳዋል፥ ይጠብቀዋልም። ግጥሚያውም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ለልምምድና ለጊዜ ማሳለፊያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ውጤቱ በደረጃ የሚመዘገብበት ነው፤ በዚህኛው ቡድኑ ቢያሸንፍ አምስቱም ከፍ ይላሉ፥ ቢሸነፍ አምስቱም ዝቅ ይላሉ። ወደ ደረጃው ግጥሚያ የሚገባ ተጫዋች አስቀድሞ ሁለት ስፍራዎችን እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያው በሌላ ሰው ቢያዝ በሁለተኛው ይመደባል። የጎረቤታችን ልጅ መካከለኛውን መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሁለተኛውን ግን ማሽኑ ስለ ጠየቀው ብቻ፥ የማያውቀውን የጫካውን ስፍራ መረጠ፤ በዚያ ምሽትም የደረሰው ያ ነበር። «ጋሼ፥ እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን የሚረባ መልስ አልሰጠነውም። ነገሩ ግን በሐሳባችን ቀረ።

አንባቢያችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ሳያስታውሰን አይቀርም። እኛም ተረቱን አንነቅፈውም። ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ያልፈጸመ ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይገኛል፤ የራሱን ሥራ ሳያጠና በባልንጀራው ሥራ ላይ አስተያየት የሚያበዛም አለ። ልብ ብለን ብናየው ግን ተረቱ የሚከለክለው ሁለት ዛፍ ባንድ ጊዜ መውጣትን ነው። አንዱን ዛፍ ወጥቶ የወረደ ሰው፥ የሁለተኛው ዛፍ ቅርንጫፍ በየት በኩል እንደሚጸና መሬት ላይ ቆሞ ቢያጠና ማን ይነቅፈዋል?

ይልቁንም ሁለተኛውን ስፍራ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውንም በሙሉ አያውቅም ለማለት እንደፍራለን። ለዚህ ምስክር የሚሆነን እዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ይገኛል። የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት አለው፤ ስሙም ዋዛ ይባላል። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው፤ ይህ ዋዛ ግን ቀልድ አይደለም። ቅሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተቀጣጠሉ የሚሠራው እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው አንዱ ሌላውን እየተቀበለ ሲነፉ ነው። እንግዲህ ዜማው በማን እጅ ነው? በማንም እጅ የለም፤ በመካከላቸው ነው። አንድ ነፊ ከራሱ ድምፅ በቀር ሌላውን ባያዳምጥ፥ ትንፋሹ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፥ መቼ እንደሚነፋና መቼ ዝም እንደሚል አያውቅም። የራሱን አንዲት ድምፅ በትክክል ለማውጣት ከእርሱ በፊት ያለውንና ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ድምፅ በጆሮው መያዝ አለበት። ከመለከቶቹ አንዱ ቢጐድል ደግሞ ጉድለቱ የዚያ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ዜማው ራሱ ይበሳል።

ሁለተኛው ምክንያት፥ ፈተና ከመምጣቱ በፊት ስፍራችንን የማያማክረን መሆኑ ነው። በ1949 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1957) በእንግሊዝ አገር በዌምብሊ ሜዳ፥ ማንቸስተር ዩናይትድና አስቶን ቪላ ለዋንጫ ፍጻሜ ተጋጠሙ። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የማንቸስተሩ በረኛ ሬይ ውድ ከቪላው አጥቂ ከፒተር ማክፓርላንድ ጋር ተጋጭቶ የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። በዚያን ዘመን ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም ነበር፤ በዓለም ዋንጫ እንኳ ቅያሪ የተጀመረው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። ስለዚህ ተከላካዩ ጃኪ ብላንችፍላወር ወደ ጎሉ ገብቶ ቆመ። ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ነገር ግን የተሸነፈው ተዋግቶ ነው እንጂ ጎሉን ባዶ ትቶ አይደለም። ሁለተኛ ስፍራ ማወቅ የድል ዋስትና እንዳልሆነ ይህ ያስረዳናል፤ ቢያንስ ግን በሩ ሰው አልባ እንዳይቀር ያደርጋል።

እነሆ፥ እስካሁን ስለ ሌላው ተናገርን። አሁን ስለ ራሳችን የምንናገርበት ደረሰ። በአንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ፥ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሆነው ባልደረባችን ከእኛ ጠረጴዛ አጠገብ አራት ዓመት ተቀምጧል። ቡና አብረን ጠጥተናል፥ በሐዘንና በደስታ ተጠያይቀናል፤ ማኅደሮቹን በምን ሥርዓት እንደሚያስቀምጥ ግን አንድ ቀንም አልጠየቅነውም። አንድ ጊዜ እርሱ ለቅሶ ደርሶበት ወደ አገሩ በሄደበት ሳምንት፥ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን የጡረታ ጉዳይ ይዘው ከኩርሙክ በኩል መጡ። የሚፈለገው ከባላቸው ማኅደር ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ነበር። መደርደሪያው ከእኛ ሦስት እርምጃ አይርቅም፤ ቁልፉም ተሰቅሏል። ብንፈልግ ብንፈልግ አላገኘነውም። «እማማ፥ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» አልናቸው። እርሳቸውም መደርደሪያውን አይተው፥ እኛን አይተው፥ «ልጄ፥ አንተም እኮ እዚሁ ነው የምትቀመጠው» አሉና ወጡ። ውጭ ዝናብ ነበር።

ባልደረባችን ሲመለስ የማኅደሮቹን አቀማመጥ እንዲያስተምረን ለመንነው። ትምህርቱ የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ነፈግን፥ እኒያ እናት በክረምት መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በዚያን ጊዜ ሥራችንን አልበደልንም፤ በእኛ የሥራ ዝርዝር ላይ የተጻፈውን ሁሉ ፈጽመናል። ይሁን እንጂ ሰው በደልን። «የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ኃጢአት ሊሆን እንደሚችል የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ስንል ግን ሰው ሁሉ የሁሉን ሥራ ይያዝ ማለታችን አይደለም። ማወቅና መያዝ የተለያዩ ናቸው። ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው የሒሳብ መዝገቡንም እንዳይዝ የሚከለክለው ሥርዓት የቆመው በደኅና ምክንያት ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲቈጣጠር ነው። ቢሆንም የሒሳብን ነገር ጨርሶ የማያውቅ ገንዘብ ያዥ የሚያስፈርሙትን ሁሉ የሚፈርም ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ተቈጣጣሪም ተባባሪም ለመሆን አይችልም። ሁለተኛውን ስፍራ የምንማረው ባልንጀራችንን ከወንበሩ ለማስነሣት ሳይሆን፥ ሸክሙን ለመመዘንና በወደቀ ጊዜ ለመደገፍ ነው። የጓደኛውን ሥራ ቀምሶ ያየ ሰው ሐሜትን ይቀንሳል፤ ከሩቅ ቀላል የሚመስለው ሁሉ ሲይዙት ይከብዳልና።

ሥርዓትም አለው። አስቀድሞ የራስን ስፍራ ማጥናት ይገባል፤ ቀጥሎም ከራስ ሥራ ጋር የሚዋሰነውን አንዱን መምረጥ፤ ከዚያም የሌላ ሰው ዕጣ በማይጐዳበት ጊዜ እየተሳሳቱ መማር። ስሕተት በልምምድ ጊዜ አስተማሪ ነው፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሳለ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ያልተበደረው ሰው ነው።

ለጎረቤታችን ልጅም በመጨረሻ ያልነው ይህን ነው። «መሸነፍህ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋትህ ያልተማርከውን ስፍራ አውቀዋለሁ ብለህ መምረጥህ ነው። አራቱ ሰዎች ያመኑት ምርጫህን ነበር» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «እንግዲያው የደረጃውን ትቼ ጫካውን በልምምዱ ልማር» አለ። እኛም በሚቀጥለው ሳምንት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ባልደረባችን የገቢና የወጪ ሰነዱን እንዴት እንደሚሠራ ልንጠይቀው ቀጠሮ ይዘናል። አንባቢ ሆይ፥ ከአንተ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚሠራ ታውቃለህን?