ባለቤት የሌለው ድምፅ

በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ጌም እጫወታለሁ ብል ማን ያምነኛል? የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙብኝ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ለበዓል መጥታ ስትመለስ የእጅ ጌሟን ረስታው ሄደች። የኒንቴንዶ «ስሪ ዲ ኤስ» ነው፤ ባለ ሁለት ስክሪን፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ። በውስጡ «ሃትሱኔ ሚኩ፦ ፕሮጀክት ሚራይ ዲ ኤክስ» የሚባል፣ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም ገበያ ያወጣው ጨዋታ አለ። ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ ሰውነታቸው ትንንሽ የሆነ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳሱ ዘፋኞች ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ። የእናንተ ሥራ በመስመር ላይ የሚሄደው ምልክት ከቦታው ሲደርስ፣ ምቱን ሳትስቱ ቁልፉን መጫን ነው። ከዘፈኑ መልስ ቤታቸውን ታሰናዱላቸዋላችሁ፣ ልብስ ትመርጡላቸዋላችሁ፣ ታበሏቸዋላችሁ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስጫወት እንባዬ መጣ። ዘፈኑ ዝግ ያለ ነበር፤ ቋንቋውን አላውቀውም። አፈርኩ። ያፈርኩት በማልቀሴ አይደለም፤ ሚኩ የምትባል ሴት በዓለም ላይ ስለሌለች ነው።

በሌለ ሰው ማልቀስ መታለል ይሆን? ይህን ጥያቄ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ። መልሴም ዝግጁ ነበር፤ «ሰብለ ወንጌልም የለችም፤ ያላዘነላት ግን ማን አለ?» እል ነበር። ከሰብለ ጀርባ ግን ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። ከሚኩ ጀርባስ?

ኧረ ሰው ሞልቷል! ሳፖሮ ከተማ የሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ሚኩን ለገበያ ያቀረባት በዘፋኝነት አልነበረም፤ በሶፍትዌርነት እንጂ። ሳኪ ፉጂታ የተባለች የድምፅ ተዋናይት ድምፆችን እየቆራረጠች አስቀዳች፤ ያማሃ የፈጠረው «ቮካሎይድ» የተባለ ቴክኖሎጂ ደግሞ እነዚያን ቁርጥራጮች እየቀጠለ ዜማ ያደርጋቸዋል። ሶፍትዌሩን የገዛ ሰው ዜማውንና ግጥሙን ያስገባል፤ እሷ ትዘፍናለች። ስሟ «የመጪው ዘመን የመጀመሪያ ድምፅ» እንደ ማለት ነው። ዝነኛ ያደረጓትም ክፍላቸውን ዘግተው ዘፈን የሚደርሱላት አማተሮች ናቸው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ሚኩም ተቀባይ ናት። ልዩነቱ አዝማሪው የሰጣችሁትን ግጥም አጣሞ መልሶ ሊወጋችሁ መቻሉ ነው። ሽልማት ይጠብቃል፤ ይደክመዋል፤ ሲከፋው ማሲንቆውን ሰቅሎ ይሄዳል። ሚኩ ግን እምቢ አትልም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ምንም የማይጠይቀንን ድምፅ ስንለምድ፣ ከድምፁ ጀርባ ያለውን ሰው መርሳት ይቀለናል። «ሰው የለበትም» ማለት ዕዳ ላለመክፈል የሚመች ሰበብ ነው።

ይህን ሁሉ የምፈላሰፈው ግን የራሴን ሳልናገር ነው። ያን ሌሊት አልቅሼ፣ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ሠራተኛችን ማጀት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ማንጎራጎር ጀመረች። «አንቺ ልጅ፣ ኧረ ትንሽ ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። «እሺ ጋሼ» አለችና ዝም አለች።

ቤቱ ጭር ማለቱ የታወቀኝ ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ጃፓን ድረስ ተሻግሬ ለሌለች ሴት ሳለቅስ፣ ግድግዳ ብቻ የሚለየኝን ድምፅ አጥፍቻለሁ! ደግሞ እኮ የቃል ግጥም አስተማሪ ነበርኩ። ለተማሪዎቼ በማድለው ወረቀት ላይ፣ ከእያንዳንዱ ግጥም ግርጌ «ገጣሚው አይታወቅም» ብዬ እጽፍ ነበር። ማን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በቀደም ቡና ስታቀርብልኝ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋት።

«ያ የምታንጎራጉሪው የማን ነው?»

«የእናቴ ነው ጋሼ። እህል ስትፈጭ ራሷ ያወጣችው ነው።»

የእናቷን ስም ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያም ይቅርታ ጠይቄ እስቲ አሰሚኝ አልኳት። ሲኒውን አንስታ፣ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች።

«አሁን እንኳ አይመጣልኝም ጋሼ።»

አልፈረድኩባትም። ጌሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሚኩ ቁልፉን በነካሁ ቁጥር ትዘፍናለች። የማጀቱን ድምፅ ግን መጠበቅ አለብኝ።