በሌላው መከራ የተገኘ ክብር የማን ነው?

ሰው ሁሉ የራሱን ሸክም ይሸከማል። ዳሩ ግን የሌላውን ሸክም ለጥቂት ሰዓት በትከሻው አድርጎ በማሳየቱ የሚመሰገን ሰው ሲገኝ፥ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህም ጥያቄ በገበያ መካከል ቶሎ ይገባል። በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ሸማ ተራ ጥበቡ የደመቀ ቀሚስ ለሙሽራ ሲመረጥ፥ ዘመዶቿ በዙሪያዋ ቆመው «አማረብሽ» ይሏታል። ቀሚሱ በእውነት አምሮባታል፤ ውዳሴውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስንት ቀን ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላለሰውን ሸማኔ በዚያ ሰዓት የሚያስታውሰው የለም። ሸማኔው ዋጋው ተከፍሎት እንደ ሆነ ይህ መርሳት ልማድ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ሸማው ባለቤቱ ሳያውቅ ተወስዶ የመጣ እንደ ሆነ ግን ውዳሴው ሁሉ መልኩን ይለውጣል።

ነገሩ ከሸማ አልፎ ወደ ሰው ሕይወት ሲደርስ ምን እንደሚመስል «ድፍረት» የተባለው ፊልም ያስተምራል። ይህን ፊልም አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፈው፥ ከትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ውጭ በአማርኛ ቋንቋ አዘጋጁት። በጥር ወር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሰንዳንስ የፊልም በዓል ታይቶ፥ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡት ድራማዎች መካከል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በተከታዩም ወር በበርሊን፥ ፓኖራማ በተባለው ክፍል፥ እንደዚሁ የተመልካቾችን ሽልማት ተቀበለ። ስመ ጥሩዋ አሜሪካዊት ተዋናይት አንጀሊና ጆሊም ስሟን ከዋና አዘጋጆቹ ስም ጋር አግብታ እንዲታወቅ ረዳችው።

በዚህ ፊልም ሒሩት የምትባለውን የ14 ዓመት ልጅ ሆና የተጫወተችው ወይዘሪት ትዝታ ሀገሬ ናት። ከዚያ በፊት ስሟ በሰፊው የማይታወቅ ወጣት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊቷን የሩቅ አገር ሰው አወቀው። ሒሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፤ በግድ ትደፈራለች፤ ለማምለጥ ስትሮጥም በእጇ በገባው ጠመንጃ ጠላፊዋን ገድላ በሕግ ፊት ትቆማለች። የምትሟገትላትን ጠበቃ ሆና ወይዘሪት ሜሮን ጌትነት ትጫወታለች። ከልጅነት ወደ ጉልምስና ስለ መሻገር የሚነገር ታሪክ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚበስል ልብን ያሳያል። ሒሩት ግን ከደብተሯ ተነጥቃ «ሚስት» ተባለች፤ ጥቂትም ሳይቆይ «ነፍሰ ገዳይ» ተባለች፤ ከሁለቱ ስሞች አንዱንም አልመረጠችም። የተጫዋቿ ብልሃት ይህን ከጩኸት ይልቅ በዝምታ መግለጿ ነው። ፖሊስና ሽማግሌ፥ ዳኛና ጠበቃ ስለ እርሷ ሲከራከሩ፥ ሁሉም ስለ ልጅቱ ሲናገር ልጅቱን የጠየቃት እጅግ ጥቂት መሆኑን ተመልካቹ ከፊቷ ያነባል።

ታሪኩ ልብ ወለድ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በአርሲ አገር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ይህ መከራ በእውነት ደረሰባት። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዚያው ዘመን ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያን በር ዘግቶ፥ ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። የዚያች ልጅ ጉዳይ የብዙ ሰው ዓይን ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ሆነ። እንግዲህ አገሪቱ የተሻለ ሕግ፥ አዘጋጁ ሽልማት፥ ተዋናይቷም ስም አገኙ። ለባለታሪኳስ ምን ተረፈላት?

ይህን ጥያቄ ራሷ ባለታሪኳ አስነሣችው። በነሐሴ መጨረሻ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ፥ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ ትዕይንቱ ቆመ። አቤቱታዋም ታሪኳ ያለ ፈቃዷ ተሠርቶበታል የሚል ነበር። ማን በምን እንደሚረታ መወሰን የዳኞች ሥራ ነው፤ የሕሊናው ጥያቄ ግን ችሎቱ ከተነሣም በኋላ ይኖራል።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነው የሚከራከሩ አሉ። አንደኛው ወገን ጨዋታ ሁሉ ሐሰት ነው ይላል፤ ያልተጠለፈችው እንደ ተጠለፈች፥ ያላዘነችው እንዳዘነች ሆና ማልቀሷ፥ በዚያም መመስገኗ አይገባም ባይ ነው። ይህ አነጋገር ለእውነት የሚቀና ቢመስልም የምሳሌን ጥቅም ይዘነጋል። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ባስገደለ ጊዜ፥ ነቢዩ ናታን አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻና በጉን ስለ ወሰደበት ባለጠጋ ተረከለት። ድኻውም በጉም በምሳሌ እንጂ በአካል አልነበሩም፤ ዳዊት ግን ተቆጥቶ ፈረደ፥ የፈረደውም በራሱ ላይ ነበረ። በግልጥ ቢነገረው ኖሮ ምናልባት የሚከራከርበትን ነገር፥ በምሳሌ በኩል ስለ መጣ ልቡ ተቀበለው። የሒሩት ዝምታም እንደዚሁ ነው። ጠለፋን ለዘመናት የአገር ልማድ ሲል የኖረ ሰው በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ ያችን ልጅ ሲያይ፥ ማንም ሳይከሰው በራሱ ላይ ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ የተጫዋቿ እንባ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ እውነትን ከተዘጋ ደጅ የሚያስገባ ነውና።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ በአደባባይ የተፈረደ ታሪክ የሁሉ ገንዘብ ነው፥ ለሕዝብ ጥቅም የሚነገርን ነገር ባለቤቱን ማስፈቀድ አያስፈልግም ይላል። ይህም እኩሌታው እውነት ነው። የፍርዱ ቃል የአገር ነው፤ ቁስሉ ግን የአገር አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንደ ተባለ፥ ለሕዝብ ትምህርት የሆነው ነገር ለእርሷ ሁለተኛ ሕማም ሊሆን ይችላል። በመርካቶ ደላላ ሻጭና ገዢን አገናኝቶ ድርሻውን ቢወስድ ማንም አይነቅፈውም። ባለቤቱ ሳያውቅ ዕቃውን የሸጠ ሰው ግን ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ቢሸጥም፥ ያተረፈውን ሁሉ ለድኻ ቢሰጥም፥ ደላላ አይባልም። መልካም ዓላማ ያልተጠየቀን ፈቃድ እንደ ተጠየቀ አያስቆጥረውም።

ለዚህ ነገር የፊልሙ ስም ራሱ ምስክር ነው። በአማርኛ ድፍረት የሚለው ቃል የጀግናን ልብ ያመለክታል፤ ደግሞም ሴትን በግድ መንካትን ያመለክታል። ጠላፊው ደፈረ ይባላል፤ ራሷን ያዳነችውም ልጅ ደፈረች ትባላለች። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ነገር ፈቃድ ነው፤ የመጀመሪያው የሌላውን ፈቃድ የረገጠ ነው፥ ሁለተኛው የራስን ፈቃድ ያስከበረ ነው። እንግዲህ በዚያች ልጅ ላይ የተሠራው ግፍ ሥሩ አለመጠየቋ ነበረ። ታሪክን ያለ ፈቃድ መተረክ ከጠለፋ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ በደል አይደለም፤ ቢሆንም ስላልተጠየቀች ሴት የሚናገር ሰው ከሌላው ተራኪ ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ብትፈቅድ መልካም፤ ባትፈቅድ ግን ስሙንና ስፍራውን ብቻ ሳይሆን ነገሩን ሁሉ ማንም እንዳያውቃት አድርጎ መለወጥ፥ ይህም ባይቻል መታገሥ ይሻላል። ከባድ ነው የሚል ቢኖር፥ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ መልካም ታሪክ ሳይነገር ሊቀር ይችላልና። ዳሩ ግን የተበደለችው እንቢ ማለት የማትችል ከሆነች፥ ነጻ ወጥታለች ማለት ከንቱ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሌላው መከራ የተገኘ ክብር አደራ ነው እንጂ ርስት አይደለም ማለት ይገባል። ባለዕዳዎቹም ሦስት ናቸው። ታሪኩን ያዘጋጀው ፈቃድ መጠየቅና ድርሻ መክፈል አለበት። ተዋናይቷ የውል ጌታ ስላልሆነች ዕዳዋ ቀላል ነው፤ በጭብጨባው መካከል ክብሩ በእርሷ በኩል ወደ ሌላዪቱ የሚያልፍ መሆኑን ካልዘነጋች፥ ያሳየችውንም ሕማም የቀመሰችው አድርጋ ካልቆጠረች፥ ከፍላለች። ዕዳው ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ወገን ተመልካቹ ነው፤ እርሱ በጥቂት ገንዘብ መግቢያ ገዝቶ፥ አልቅሶ፥ ርኅሩኅ መሆኑን በራሱ መስክሮ ይወጣልና። ያልከፈለበትን ቸርነት ለራሱ ማስቆጠር ከሁሉ የቀለለ ትርፍ ነው።

ይህ ተመልካች ወደ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ጎራ ቢል ዕዳውን የሚከፍልበት ስፍራ ያገኛል። ወደዚያ ሠፈር ለብዙ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጃገረዶች፥ ከጋብቻ የሸሹት፥ ሥራ ወይም ትምህርት የፈለጉት፥ ጓዛቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ወርደዋል። ካሜራ የሚከተላት የለችም፤ ስለዚህም የሚያለቅስላት የለም። «ልጄ፥ ወዴት ትሄጃለሽ?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቃት ብዙውን ጊዜ ቤት ሠራተኛ ፈላጊው ደላላ ነው፤ እርሱም መልሷን ሳይጠብቅ ከረጢቷን ያነሣል። በአዳራሹ ያለቀሰው ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ፥ መልሷን እስክትጨርስ ድረስ ቢቆም፥ እንባው የእውነት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይታወቃል።